ጫማውን አውልቆ የገባ ሌባ

ማክሰኞ ጠዋት፣ ከሆስፒታሉ ጀርባ ያለው ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ወደ ጣቢያችን የመጣው በሻይ ብርጭቆ መርፌ ይዞ ነው። ተወግቶባቸው ደም የደረቀባቸው መርፌዎች ናቸው። ብርጭቆውን በሳህን ከድኖ ጠረጴዛችን ላይ አስቀመጠው።

«ልጆች አጥር ሥር አገኙት» አለ። «አንዷ ፀጉሯ ላይ ልትሰካው ስትል ነው የደረስኩ።»

ኢንስፔክተር ደምለው ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አደረገ። ጉድ ነው እኮ! ይህ ሰው ሽጉጥ የደገነን ወንበዴ በባዶ እጁ ገብቶ የያዘ ሰው ነው። መርፌ ሲያይ ግን ግንባሩን ላብ ያጠምቀዋል። ለጣቢያው ክትባት የመጣ ጊዜ ሁለት ሰው ይዞት ነው የተከተበ፤ አንዷ እኔ ነኝ።

እኔ ሳጅን ሔዋን እባላለሁ። ከደምለው ጋር ብዙ ስለሠራን አንተ እለዋለሁ፤ ሰው ፊት ብቻ ኢንስፔክተር እያልኩ አከብረዋለሁ። የቄስ ልጅ ነው፤ ደብተርና ዳዊት ይዞ አድጎ ፖሊስ የሆነ። ክፉ ቃል ከአፉ አይወጣም፤ ሌባ ሲይዝ እንኳ መጀመሪያ «በልተሃል?» ብሎ ነው የሚጠይቅ። አንዳንዴ ያበሽቀኛል።

«ተነሺ» አለኝ፤ ዓይኑን ከብርጭቆው ሳያነሳ። «ብርጭቆውን አንቺ ያዥው።»

*

የሆስፒታሉን ስም አልጠራም፤ የማርቆስ ሰው ሁሉ የራሱን ግምት ይገምት። የተቀበለችን ሲስተር ሕሊና ናት፤ እዚያ ግቢ የቆሻሻ ነገር የሚመለከተው እሷን ነው። ስትናደድ ድምፅዋ ይበልጥ ዝግ ይላል። ያን ቀን ጆሯችንን አቅንተን ነበር የምንሰማት።

«ደም የነካው ፋሻና ጥጥ ቢጫ ከረጢት ውስጥ ይገባል» አለች፤ ወደ ቆሻሻ ማቆያው ክፍል እየወሰደችን። «መርፌና ምላጭ ግን ከረጢት ውስጥ በጭራሽ አይገባም። ለእሱ ወፍራም የካርቶን ሳጥን አለ፤ ሴፍቲ ቦክስ እንለዋለን። ከመሙላቱ በፊት ይዘጋል፣ እንደተዘጋ ይቃጠላል። ማንም አይከፍተውም።»

«ታዲያ አጥር ሥር የተገኘው ከየት መጣ?» አለ ደምለው።

«አንድ ቢጫ ከረጢት ጠፍቷል። ትናንት ከሰዓት ነበር፣ ዛሬ ጠዋት የለም። እንግዲህ አንዱ ሰነፍ መርፌውን ከረጢት ውስጥ ጥሎታል። ከረጢቱ ተበሳ፤ ሌባው በሄደበት ሁሉ መርፌ እያንጠባጠበ ሄደ።»

በሩ ቁልፍ አልነበረውም፤ በሽቦ ነው የሚታሰር። ሽቦው ተፈትቶ፣ በደንብ ተጠቅልሎ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። ውስጥ ያሉት ከረጢቶች አንዱ ባንዱ ላይ የተወረወሩ አልነበሩም፤ ግድግዳውን ተደግፈው በረድፍ ተቀምጠዋል።

«እናንተ ናችሁ እንዲህ የደረደራችኋቸው?» አለ ደምለው።

«እኛማ ወርውረን ነው የምንሄድ» አለች ሲስተር ሕሊና፣ አፈር ብላ።

ደፉ ላይ ከማቃጠያው የመጣ አመድ ተበትኗል። ደምለው ቁጢጥ አለና ብዙ ቆየ። እኔም አጎነበስኩ። የላስቲክ ጫማ ምልክት አለ፤ ሁለቱ ጎን ለጎን፣ አፋቸው ወደ በሩ። ከዚያ ወዲያ ወደ ውስጥ የገባው ባዶ እግር ነው።

«ኮቴው እንዳይሰማ አውልቆ ነዋ» አልኩ።

«አመድ ላይ የላስቲክ ጫማ ምን ኮቴ አለው?» አለ። «መርፌ ያለበት ክፍል በባዶ እግሩ... ለምን?»

የግቢው አጥር ባሕር ዛፎቹ ጋ ቀዳዳ አለው። እዚያ የሽቦው ጫፍ ላይ የነጠላ ቅዳጅ ተሰቅሎ አገኘን። አንድ መርፌ ጨርቁን ወግቶ ቀርቷል፤ ዙሪያውን ደም ነክቶታል። መርፌው ላይ ያለው ጠቁሮ የደረቀ ነው፤ ጨርቁ ላይ ያለው ግን ገና ቀይ ነው።

ሲስተር ሕሊና ድምፅዋ ጭራሽ ጠፋ። «ይኼ ሰው ተወግቷል» አለች። «የተወጋ ሰው መድኃኒት አለው፤ ክኒን ነው። ግን በሦስት ቀን ውስጥ ካልጀመረ አይረዳውም። ቶሎ ቢሆንማ ነበር የሚሻለው።»

«ትናንት ሰኞ ማታ ከሆነ?» አለ ደምለው።

«እስከ ሐሙስ ማታ።»

ደምለው ቆቡን አውልቆ ፀጉሩን አከከ። «ሔዋን» አለኝ፣ «የምንፈልገው ሌባ አይደለም። መታመሙን የማያውቅ በሽተኛ ነው።»

በመናኸሪያው ድምፅ ማጉያ አስነገርን። ከሆስፒታሉ ከረጢት የወሰደ ሰው ይምጣ፤ አይታሰርም፣ መድኃኒት ይሰጠዋል አልን። ማን ያምናል? አንድም ሰው አልመጣም።

*

ቆሻሻውን የሚያቃጥሉት ጋሽ አስማማው የሚባሉ ሰው ናቸው፤ ጢማቸውን የሚያሳምሩ፣ ዓይናቸው የሚንከራተት።

«ሰኞ አመሻሽ የት ነበሩ?» አላቸው ደምለው።

«እዚችው! ሳቃጥል ነዋ! ከማቃጠያዬ ንቅንቅ አላልኩም።»

ደምለው ከማቃጠያው አፍ ተጠርጎ የወጣውን አመድ ተመለከተ። «ሰኞ ከሰዓት ዝናብ ጥሏል» አለ በቀስታ። «አመዱ ላይ የጠብታው ጉድጓድ እንዳለ ነው። ከዝናቡ በኋላ እሳት ነዶ ቢሆን አዲስ አመድ በላዩ ይኖር ነበር፣ ጋሼ።»

ጋሽ አስማማው አመዱን አዩ፤ እኛን አዩ፤ ጢማቸውን አሻሹ። «የማርያም ማኅበር ነበረብን» አሉ በመጨረሻ። «ተራው የኔ ነው። ጠበል ጠዲቁን ትቼ ቆሻሻ ላቃጥል? ማኅበርተኛው በሙሉ ይመስክር። ደግሞ ሌባችሁን እኔ ልንገራችሁ፤ ቆራሌው ምስጋናው ነው! አጥሩን ሲዞር አይቼዋለሁ።»

ማኅበርተኛው መሰከረ፤ ሴቶቹማ ጋሽ አስማማው ጠላ ጠጥተው የዘፈኑትን ዘፈን ሳይቀር ነገሩን። ለእመቤታችን ቀን አይሆንም ብለው እስካሁን ተቀይመዋቸዋል።

ቆራሌው ምስጋናውን ጀሪካን ተራራ መሐል አገኘነው። ደምለው ምንም ከማለቱ በፊት «እጅህን አሳየኝ» አለው። ልጁ ሁለት መዳፉን ዘረጋ፤ ቆሽሸዋል እንጂ አልተወጉም።

«እኔ የውኃ ላስቲክ ነው የምገዛ» አለ ምስጋናው። «የሆስፒታል ነገር በነፃ ቢሰጡኝ አልነካም። ግን ሰው አይቻለሁ። ሰኞ ሲመሻሽ ነጠላ የተከናነበ ሰው በቀዳዳው ወጣ። የሆነ ነገር ታቅፏል፤ ሕፃን እንደሚታቀፍ።»

«ወንድ ነው ሴት?»

«ተከናንቧል አልኩህ እኮ። ግን ያለቅሳል። እያለቀሰ ባይሆን ኖሮ ጮኼ አስይዘው ነበር። የሚያለቅስን ሰው እንዴት ሌባ ትለዋለህ?»

ሕፃን እንደሚታቀፍ! ሁለታችንም አንድ ነገር አሰብን፤ ደምለው ፊቱ አመድ መሰለ። በሩጫ ወደ ማዋለጃ ክፍል ሄድን። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ያን ሳምንት የሞተ ሕፃን አልነበረም። እናቶቹ ሁሉ ልጆቻቸውን ታቅፈው ምን ሆናችሁ ብለው አፈጠጡብን። ደምለው ከመውጣቱ በፊት ስድስቱንም ሕፃናት «እደጉ» ብሎ መረቀ፤ ጊዜ የለንም እያልኩት!

ቀዶ ሕክምናው ክፍል ዶክተር ፍሥሐን አገኘን። ወጣት ነው፣ ጎበዝ ነው ይሉታል፤ ሲራመድ ግን የሚያሳድደው ያለ ይመስላል።

«መርፌ ከረጢት ውስጥ? በኔ ክፍል? አይደረግም» አለ፤ ጓንቱን እያወለቀ። «ሰኞ ምን ሠራን... አንድ እግር ቆረጥን፣ የአንድ ኳስ ተጫዋች ጄሶ ፈታን፣ ሁለት ትርፍ አንጀት። ሌላ ጥያቄ አለ?»

«አለ» አለ ደምለው። ዶክተሩ ግን ሄዷል።

*

ረቡዕ ጠዋት ከቆሻሻ ክፍሉ ትይዩ መስኮት ያለው የወንዶች መኝታ ክፍል ገባን፤ በመስኮት ያየ ሰው ቢገኝ ብለን። መስኮቱ ሥር የተኙት መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል ናቸው። ከዲማ ወዲህ ካለች መንደር የመጡ የአቋቋም መምህር ናቸው፤ ማኅሌት ቆመው፣ መቋሚያ ይዘው ሲያዜሙ ያረጁ። ስኳር በሽታ ቀኝ እግራቸውን ወስዶባቸዋል፤ ሰኞ ነው የተቆረጠው። ብርድ ልብሱ በአንድ በኩል ጠፍጣፋ ነው። በሌላው በኩል የቀረችው እግር በሚያዜሙት ዜማ ልክ ትንቀሳቀሳለች።

«ሰኞ ማታ?» አሉ መሪጌታ። «ልጄ፣ ሰኞ ማታ የሰጡኝ መድኃኒት የት እንዳደረሰኝ እንጃ። ሰማይ ቤት ማኅሌት ቆሜ ነበር መሰለኝ፤ በሁለቱም እግሬ።»

ሳቅን። ሚስታቸው እማማ ወለተ ሐዋርያት ያን ጊዜ ነው የገቡት፤ ስንቅ ቋጥረው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው። ቀጭን፣ ፊታቸው የሚያበራ ሴት ናቸው። ሐዘንተኛ አስታማሚ አይመስሉም፤ የከበደ ነገር ከትከሻው ያወረደ ሰው ይመስላሉ።

«እናንተ ልጆች ምን ሆናችሁ ቆማችኋል? በሉ ቁርስ ቅመሱ» አሉ። «ትናንት አገር ቤት ደርሼ ነው የመጣሁ፤ የኮባ ዳቦ ነው።»

ቆርሰው ዘረጉልን። አማትቤ ተቀበልኩ፤ ደምለውም ተቀበለ። ዳቦው እንዴት እንደሚጣፍጥ! ግማሹን ለከሰዓት ብዬ ኪሴ ከተትኩት።

«እማማ፣ ሰኞ አመሻሽ እዚህ ጋ እንግዳ ሰው አላዩም?» አለ ደምለው፣ አፉ ሞልቶ።

«እንግዳ አላየሁም፣ ልጄ» አሉ። የመሪጌታን ትራስ በአንድ እጃቸው አቃኑ። «ምን ጠፋባችሁ?»

«የጠፋብንስ ሰው ነው» አላቸው ደምለው።

ምን እንደሚሉ ሳይሰማ ስልኩ ጠራ። ከቁይ ከተማ በኩል ያሉ ባልደረቦቻችን ናቸው። ከዲማ ወዲህ ባለች አንዲት መንደር፣ ወደ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን በሚወስደው መንገድ ላይ ያገለገለ መርፌ ተገኝቷል። ሕዝቡ በሽታ ሊያሰራጩብን ነው ብሎ ተሸብሯል። ኑ ይላሉ።

የመሪጌታ አገር መሆኑን ልብ ማለት ነበረብን፤ አላልንም። ደምለው እየሮጠ የሚያስበው ያገለገለ መርፌ ሰብስቦ ስለሚሸጥ ነጋዴ ነው፤ እኔ ደግሞ ጋሽ አስማማውን እንደገና ልጠይቅ ነበር የማስበው። ሲስተር ሕሊና ወፍራም ጓንትና አንድ ሴፍቲ ቦክስ አሸከመችኝና ተሳፈርን።

*

የመንደሩ ቄስ ወልደ ሰንበት መንገድ ዳር ጠበቁን። ብልህ ሰው ናቸው፤ መርፌ የተገኘበትን ቦታ ሁሉ በድንጋይ ክምር ምልክት አድርገውበታል፣ ከብትና ልጅ እንዳይረግጠው።

መንገዱ ሜዳ ነው፤ በጤፍ ማሳ መሐል ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ይሄዳል። መጀመሪያው ምልክት ጋ ሁለት መርፌ። ትንሽ ሄድ ብሎ አንድ። ትንሽ ሄድ ብሎ ሦስት። በመሐል ምንም የለም።

«ሸክሙ ሲከብደው ያሳርፋል» አልኩ። «ሲያስቀምጠውና ሲያነሳው መርፌው ይሾልካል።»

«ይኼ ሜዳ ነው» አለ ደምለው። «ከዚያኛው ምልክት እስከዚህ ድንጋይ ብትወረውሪ ይደርሳል። አንድ ከረጢት ይዞ እዚህ እዚህ የሚደክመው ማን ነው? ደግሞ ርቀቱን እይው፤ እኩል እኩል ነው።»

ተራመደ። እጁን ጀርባው ላይ አጣምሮ፣ ከምልክት ምልክት፣ ርምጃውን እየቀነሰ፣ እየዘገመ። የመጨረሻው ምልክት ከቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም ፊት ለፊት ነው። እዚያ ሲደርስ ቆመና ቆቡን አወለቀ።

«ሰባት» አለ። «ሔዋን፣ ይኼ ቀብር ነው።»

 እኛ አገር አስከሬን ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ሰባት ቦታ ያርፋል፤ በያንዳንዱ ማረፊያ ጸሎት ይደረሳል። ያ ከረጢት በሥርዓት፣ እያረፈ፣ እየተጸለየለት ነው የመጣው።

«ለዚህ ነዋ ጫማውን ያወለቀው» አለ ደምለው፤ ለራሱ ነው የሚያወራው። «ለዚህ ነዋ ከረጢቶቹን ያልወረወራቸው። ለእሱ ያ ክፍል ቆሻሻ ቤት አልነበረም። አስከሬን ያለበት ቤት ነው።»

ቄስ ወልደ ሰንበት ወደ መቃብሩ ቦታ መሩን። ከአንድ ጥድ ሥር፣ ከአንድ አሮጌ መቃብር ጎን፣ አዲስ አፈር ተቆልሏል። ትንሽ ጉብታ ናት፤ ዙሪያዋ በጠጠር ተከቧል።

«ማንን ቀበራችሁ?» አለ ደምለው።

«ኧረ እኛ ማንንም አልቀበርንም!» አሉ ቄሱ ደንግጠው። «ይኼ አሮጌው የመሪጌታ ወልደ ሩፋኤል አባት ነው። የነሱ ቦታ ነው፤ ሌላ ሰው አይነካውም።»

 ኪሴ ውስጥ ያለው ዳቦ ትዝ አለኝ። ዳቦው እንዴት እንደተዘረጋልኝም ትዝ አለኝ፤ ያን ጊዜ ሆዴ ቀድሞኝ ያላስተዋልኩት።

«ደምለው» አልኩት፣ ቄሱ ፊት ኢንስፔክተር ማለቱን ረስቼ። «በግራ እጃቸው ነው የሰጡን።»

«ምን?»

«ዳቦውን! የመሪጌታ ሚስት፣ እንደዚያ ሥርዓት የሚያውቁ እናት፣ ለሰው እህል በግራ እጃቸው ይሰጣሉ? ቀኝ እጃቸው ከነጠላው ሥር አልወጣም። ትራሱንም ያቃኑት በግራቸው ነው።»

ቄሱ ጸሎት አድርሰው ፈቀዱልን። ጓንቱን አጥልቄ ቀስ ብዬ ቆፈርኩ። ቢጫው ከረጢት በአዲስ ነጭ አቡጀዲ ተጠቅልሎ፣ በሦስት ቦታ ታስሮ ነበር፤ ግንዛቱ ያምራል። ከረጢቱን ስከፍት የደም ጥጥ፣ መርፌዎች፣ ከዚያ አንድ ትልቅ፣ ነጭ፣ እግር የመሰለ ነገር ወጣ።

ጄሶ ነው። ተረከዝ አለው፣ ባት አለው፣ ለሁለት ተሰንጥቆ የተፈታ ጄሶ። ላዩ ላይ በእስክርቢቶ «ዘሜ አይዞህ፣ ጎሏ ግን ገብታለች!» ተብሎ ተጽፏል። ከሥሩ ኳስ ተሥሏል።

ደምለው መቃብሩ ዳር ቁጭ አለ። መጀመሪያ ሳቀ፤ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ተቀየረና ፊቱን በቆቡ ሸፈነ።

«ተነስ» አልኩት፣ እኔም እንባዬ እየመጣ። «ክኒኑን ማን ሊያደርስላቸው ነው? ተነስ!»

*

ጀምበር ስታዘቀዝቅ ደረስን። እማማ ወለተ ሐዋርያት አልጋው አጠገብ ቁጭ ብለው መሪጌታን ያጎርሷቸዋል፤ በግራ እጃቸው። ሲስተር ሕሊናን አስከትለን ገባን።

«እማማ» አለ ደምለው፣ ፊታቸው ቁጢጥ ብሎ። «ቀኝ እጅዎን ያሳዩኝ።»

የያዙትን ጉርሻ መሪጌታን አጎረሱ። ከዚያ ከነጠላው ሥር አወጡት፤ አውራ ጣታቸው በጨርቅ ታስሯል፣ አብጧል። «እሾህ ነው» አሉ።

«እሾህ አይደለም፣ እማማ። የሰው ደም ያለበት መርፌ ነው። ዛሬውኑ መድኃኒት ይጀምራሉ።»

መሪጌታ ቀና አሉ። «ወለቴ፣ ምን አድርገሽ ነው?»

«እርስዎ ዝም ይበሉ» አሏቸው። «ከመቆረጡ በፊት ምን አሉኝ? እግሬን አትተዪብኝ፣ ካባቴ ጎን አድርጊልኝ አላሉኝም? ዶክተሩን የት ታደርጉታላችሁ ብዬ ጠየቅኩት። ይቃጠላል እማማ አለኝ፤ እንዲሁ ሲያልፍ፣ ቆም እንኳ ሳይል! ዕድሜውን ሙሉ እግዚአብሔርን ያመሰገነ እግር እንደ ገለባ ሊቃጠል! እና ወሰድኩት። ብታስሩኝም እሰሩኝ። ካባቱ ጎን ነው ያለ፣ ሰባቱንም አሳርፌ፣ አቡነ ዘበሰማያት ደግሜለት።»

«አልከፈቱትም?» አልኳቸው።

«የሞተ አካል እንደ ቋጠሮ ይፈታል እንዴ፣ ልጄ? ደሙን አይቼ ላስነውረው? ከላይ ዳሰስኩት። አንድ በአንድ ዳስሼ ነው ያገኘሁት። ተረከዙን አወቅኩት፣ ባቱን አወቅኩት። ደርቆ ነበር። ምስኪን፣ ባንድ ቀን እንዲህ ደረቀ ብዬ አለቀስኩ።»

ደምለው እኔን አየኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ።

«ደምለው ልጄ» አሉ መሪጌታ፤ ብልህ ናቸው። «ምንድን ነው የቀበረች?»

«ጄሶ ነው፣ መሪጌታ» አለ። «የአንድ ኳስ ተጫዋች ጄሶ።»

 እማማ ወለተ ሐዋርያት ሁላችንንም ተራ በተራ አዩን።

«የማንን ልጅ ጄሶ ነው እንዲያ ያለቀስኩለት?» አሉ።

መሪጌታ ናቸው የጀመሩት። ስፌታቸውን በእጃቸው ደግፈው «ካባቴ ጎን! ኳስ ተጫዋች!» እያሉ ሲስቁ አጠገባቸው ያለው በሽተኛ ሳቀ፤ ከዚያ ክፍሉ በሙሉ። እማማ ግን አልሳቁም። እንባቸው ዝም ብሎ ይወርዳል። ያን ጊዜ ሳቁ በየአልጋው ጠፋ።

«እንግዲያ እግሩስ?» አሉ። «ተቃጠለ?»

«አልተቃጠለም!» አለች ሲስተር ሕሊና፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋ ከፍ ሲል ሰማሁ። «አካል እዚህ አይቃጠልም፣ እማማ። አስከሬን ክፍል ይቀመጣል፤ ቤተሰብ ከጠየቀ ይሰጠዋል፣ ካልጠየቀ እኛ እንቀብረዋለን። አሁንም አለ። ይኼን ቀድሞ የሚነግርዎ ሰው ነበር የጠፋው።»

«እኔ ነኝ ያልነገርኳቸው» አለ ከበሩ ላይ አንድ ድምፅ። ዶክተር ፍሥሐ ነው፤ መቼ እንደመጣ አላየንም። ያን ቀን ቆሞ ሲናገር አየሁት። «ስለ ፋሻው የጠየቁኝ መስሎኝ ነው። አልሰማኋቸውም፤ ለመስማት አልቆምኩም። መርፌውንም ከረጢት ውስጥ የጣልኩ እኔ ነኝ። ሳጥኑ ሞልቶ ነበር፣ ሌላ እስኪመጣ አልጠበቅኩም። ትናንት ዋሸኋችሁ።»

ሲስተር ሕሊና የምትለውን ሁሉ በዓይኗ አለችው። ከዚያ ክኒኑን በውኃ አቀረበች።

«ሳላየው አልውጥም» አሉ እማማ ወለተ ሐዋርያት።

«እማማ፣ ጊዜ የለም!» አልኳቸው።

«አንዴ ተሸውጃለሁ። ሳላየው አልውጥም።»

ዶክተር ፍሥሐ ክንዳቸውን ይዞ ወሰዳቸው። አስከሬን ክፍሉ ደጃፍ ሲደርሱ እማማ የላስቲክ ጫማቸውን አወለቁ። ዶክተሩ አያቸውና አጎንብሶ የራሱን ጫማ ፈታ። ሲወጡ እማማ እጃቸውን ለክኒኑ ዘረጉ።

ከዚያ ለምርመራ ደም ይቀዳላቸው ነበር። «ይኼ ልጅ ይያዘኝ» አሉ ወደ ደምለው እያመለከቱ። ምን ይበል? ያዛቸው። መርፌው ሲወጣ ደምለው ዓይኑን ጨፍኖ፣ ከንፈሩ ነጭ ሆኖ፣ «አይዞህ ልጄ፣ አለቀ» የሚሉት እሳቸው ነበሩ።

*

ሆስፒታሉ ክስ አላቀረበም። ቆሻሻ ክፍሉ ቁልፍ ተገዛለት፤ ጋሽ አስማማው ቁልፉን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለውታል፣ ማኅበርም ሲሄዱ ጭምር። ዶክተር ፍሥሐ ማስጠንቀቂያ ተጻፈበት። አካሉ ለሚቆረጥ ሰው ሁሉ፣ ከመቁረጡ በፊት ወንበር ስቦ ቁጭ ይልና «የት ላድርግልህ?» ብሎ ይጠይቃል አሉ።

መሪጌታ ሲሻላቸው እግራቸውን ቀበርን። ሰባቱንም አሳረፍነው፤ የተሸከመው ዶክተር ፍሥሐ ነው። ቄስ ወልደ ሰንበት ጸሎቱን አደረሱ። መሪጌታ በአንድ ብብታቸው ክራንች፣ በሌላው እጃቸው መቋሚያ ይዘው በቀረችው እግር ቆሙ። እስካሁን እንደዚያ ያለ ዜማ አልሰማሁም። ሲጨርሱ ወደ ጉድጓዱ ጎንበስ ብለው «ቅደሚ፣ እኔ አልቸኩልም» አሏት። እማማ ወለተ ሐዋርያት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። ክኒኑ እያቅለሸለሻቸው ነበር፤ አንድ ቀን ግን አልዘለሉትም።

ከወራት በኋላ፣ የእማማ የመጨረሻው ምርመራ ቀን፣ ደምለው ጣቢያው ውስጥ መቀመጥ አቅቶት ነበር። መስኮት ጋ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ብዕር ያነሳል፣ ይጥላል። «ቁጭ በል፣ አዞርከኝ» እለዋለሁ፤ የኔም ሻይ ሳልነካው ቀዝቅዟል።

በሩ ተከፈተ። እማማ ወለተ ሐዋርያት ናቸው፤ መሶብ ያዘሉ። መሶቡን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ፣ የኮባውን ቅጠል ገለጡ፣ ዳቦውን ቆረሱ።

«ምን አሉዎት?» አለ ደምለው። «እማማ፣ ውጤቱ ምን አሉ?»

ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱና እየሳቁ ዳቦውን ዘረጉለት፤ በቀኝ እጃቸው።